እንኳን ማረህ ካልን በኋላ

ከበሽታ የተነሣን ሰው የምንቀበልበት ቃል አጭር ነው። «እንኳን እግዜር ማረህ!» እንለዋለን፤ እሱም «ተመስገን» ይላል። ከዚያ ቡና ይፈላል፤ ወሬው ወደ ገበያና ወደ ዝናብ ይዞራል። ደግ ቃል ነው። ግን አንድ ጠባይ አለው፤ በር ይዘጋል። «እንኳን ማረህ» የተባለ ሰው ቀጥሎ «አንገቴን ግን ማዞር አቃተኝ» ቢል ምስጋና ቢስ ይመስላል። ካንሰርን የሚያህል ነገር ለቆት ሄዶ ስለ አንገት ያወራል እንዴ?

እኔ ደግሞ ስለ አንገት ማውራት አለብን ባይ ነኝ። ጥያቄዬ ይሄ ነው፤ ከሞት የተረፈ ሰው የማማረር መብት አለው ወይ? ካለውስ፣ አብረነው ቤት ውስጥ የምንኖረው ሰዎች ምን ዕዳ አለብን?

ጥያቄው የመጣብኝ ጋምቤላ ከተማ፣ ከባሮ ወንዝ ብዙም በማይርቅ አንድ ግቢ ውስጥ ነው። የእናቴ ታናሽ ወንድም ምላሱ ጎን ላይ የወጣች ትንሽ ቁስል አልድን አለችው። ሲመረመር ካንሰር ነው ተባለ። አዲስ አበባ ሄዶ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ጨረርም ወሰደ። ከጋምቤላ አዲስ አበባ በመኪና ከ 700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከቆላው ተነሥቶ ወደ ጎሬና መቱ ሽቅብ ይወጣል፤ ከዚያም ገና ብዙ መንገድ ይቀራል። ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ጅማን የመሰሉ ሌሎች ቦታዎች የተጨመሩት በቅርብ ዓመታት ነው። ጨረሩ በየቀኑ በትንሽ በትንሹ ስለሚሰጥ ብዙ ጊዜ ስድስት ወይም ሰባት ሳምንት ይፈጃል። ያን ሁሉ ጊዜ ዘመድ ቤት እያደሩ፣ ታክሲ እየጠበቁ፣ በቧንቧ ወይም በማንኪያ ፈሳሽ እየተጎነጩ መክረም ነው። ጋሼ (ቤት ውስጥ እንዲህ ነው የምንጠራው) ያን ሁሉ ጨርሶ ሲመለስ ግቢው በሰው ሞላ። «እንኳን ማረህ!» «ተመስገን!» ነገሩ ያለቀ መሰለ።

ያላለቀበትን ምክንያት ለመረዳት አንገት ላይ የተሠራውን ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል። የአፍ ካንሰር ሲሰራጭ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚደርሰው አንገት ላይ ወዳሉት ንፍፊቶች ነው። ስለዚህ ሐኪሞች አፉን ብቻ ነክተው አይተዉም፤ አንገቱንም ከፍተው ንፍፊቶቹን ከነስባቸው ያወጣሉ። በዚያ መሐል ትከሻን የሚያነሣው ነርቭ ያልፋል። ባይቆረጥ እንኳ ተነካክቶ ሊደክም ይችላል፤ ያኔ ትከሻ ይወድቃል፣ ክንድ ወደ ላይ አልሄድ ይላል። ቀጥሎ ጨረሩ ይመጣል። ጨረር የካንሰሩን ሕዋስ ሲገድል አጠገቡ ያለውን ጤነኛ ሥጋም ይጎዳል። ሰውነት ጉዳቱን ሲጠግን ለስላሳውን ሥጋ በጠንካራ ክር ይተካዋል፤ ክሩም እየተኮማተረ ይሄዳል። ክፋቱ ቶሎ አለመታየቱ ነው። ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ነው የሚገለጠው። ሰው ሁሉ «ዳነ» ብሎ ከረሳው በኋላ አንገት እንጨት ይሆናል፤ መንጋጋ ይያዛል፤ ምራቅ የሚያመነጩት ዕጢዎች ስለተጎዱ አፍ ይደርቃል። ጋምቤላ ደግሞ በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ 40 ዲግሪ የሚደርስበት አገር ነው።

ጤነኛ ሰው አፉን ሲከፍት የራሱን ሦስት ጣቶች ደርቦ በጥርሶቹ መሐል ማስገባት ይችላል። ሐኪሞች የአፉ ስፋት ከ 35 ሚሊ ሜትር ሲያንስ መንጋጋው ተይዟል ይላሉ። የጋሼ ሁለት ጣት ነበር፤ ያውም በግድ። እስቲ ይህን ቁጥር ወደ እኛ ማዕድ አምጡት። ጉርሻ ሲዘረጋልህ አፍህን ካልከፈትክ የተዘረጋውን እጅ አሳፈርክ ማለት ነው። ሰርግ ላይ፣ ክርስትና ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ «በሞቴ!» እየተባለ የሚመጣውን ጉርሻ ስንት ጊዜ «ጠግቤያለሁ» ብሎ መመለስ ይቻላል? ጋሼ ድግስ መሄድ ተወ።

አንገት የተፈጠረው አዙሮ ለማየት ነው ይላል ተረቱ። ተረቱ የሚመክረው ያለፈውንና የሚመጣውን እንድናስተውል ነው፤ ለጋሼ ግን ቃል በቃል ሆነበት። መንገድ ሲሻገር ባጃጅ መምጣቱን ለማየት ከነትከሻው፣ ከነወገቡ መዞር ነበረበት። ከኋላው የጠራው ሰው መልስ እስኪያገኝ ጊዜ ስለሚወስድበት «ኮራ» ተባለ። ትከሻ ለትከሻ ሰላም የሚለውን ሰው ከሩቅ ሲያይ በወደቀው ትከሻው በኩል እንዳይመታው ቀድሞ እጁን ይዘረጋል። መጽሐፍ እልኸኛውን ሰው «አንገተ ደንዳና» ይለዋል። እሱ የዋህ ሰው ነው፤ የደነደነው አንገቱ ብቻ ነው።

እንግዲህ ጋምቤላ ደግ ከተማ ናት፤ መድኃኒት ሳይዝ የመጣ ጠያቂ አልነበረም። ከደጋ የመጡት ጥቁር አዝሙድ በሰሊጥ ዘይት አመጡ። አንዱ ፀበል፣ አንዱ እሬት ይዞ መጣ። አንድ ወዳጁ «ወጌሻ አንዴ ቀጭ ቢያደርገው ይለቀዋል» አለ። ሌላው «በብረት ማስተኮስ ነው፣ የተያዘ ጅማት እሳት ብቻ ነው የሚፈታው» አለ። የሚበጣ ሰው አውቃለሁ ያለም ነበር። አኝዋክ ጎረቤታችን በበኩላቸው የሺያ ቅቤ በትንሽ ቅል ይዘው መጡ።

ሺያ የምዕራብ አፍሪካ ዛፍ ብቻ ይመስለን ይሆናል። የናይሉ ዓይነት በደቡብ ሱዳንና በሰሜን ኡጋንዳ ይበቅላል፤ ከኢትዮጵያም ጋምቤላ አለ። ፍሬው ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ በውኃ ይፈላል፣ ከላይ የሚንሳፈፈው ቅባት ይለቀማል። የዚህ አካባቢው ከምዕራብ አፍሪካው ይለሰልሳል፤ በቀን ሙቀት ዘይት ይሆናል። ሴትዮዋ ጋሼን አስቀምጠው፣ መዳፋቸውን በቅቤው አርሰው፣ ጠባሳውን በአውራ ጣታቸው እያከበቡ ቀስ ብለው ማሸት ጀመሩ። እኔም ቸኩዬ «ይሄ ቅቤ ጠባሳ ያጠፋል እማማ?» አልኳቸው።

ሳቁብኝ። «ቅቤማ ምን ይሠራል? የሚሠራው እጅ ነው። ቅቤው እጅ እንዳይሻክርበት ነው። ነገም መምጣት አለብኝ፤ ከነገ ወዲያም።»

የመጡትን መድኃኒቶች ሁሉ በሁለት ከፍዬ ማየት የጀመርኩት ከዚህ ንግግር በኋላ ነው። አንዳንዱ መድኃኒት ጉዳዩን አንዴ ጨርሶ መገላገል ይፈልጋል፤ ወጌሻው አንዴ ቀጭ ያደርጋል፣ ብረቱ አንዴ ይተኩሳል፣ ምላጩ አንዴ ይበጣል፤ ከዚያ «እንኳን ማረህ» ተብሎ በሩ እንደገና ይዘጋል። ሌላው መድኃኒት ነገም እንደሚመጣ ያውቃል። እንዲህ ያለው መድኃኒት መጨረሻ የለውም፤ ያለው ልማድ ነው።

የዘመናዊው ሕክምና ፍርድም ከዚህ አከፋፈል ጋር የሚገጥም መሆኑ ገርሞኛል። ጨረር ያገኘው ሥጋ የደም ሥሩ ስለተጎዳ ቁስል ቶሎ አይሽርለትም። ስለዚህ መተኮስም ሆነ መብጣት እዚያ ቦታ ላይ ትልቅ አደጋ ነው፤ የተከፈተው ላይዘጋ ይችላል። አንገትን በኃይል መጠምዘዝም እንዲሁ፤ ትልልቆቹ የደም ሥሮች የሚያልፉት በዚያ ነው። ጨረር ካረፈበት መንጋጋ ጥርስ ማስነቀል እንኳ አጥንቱን ለማይሽር ቁስል ሊዳርገው ስለሚችል የጥርስ ሐኪሙ አስቀድሞ መስማት አለበት።

በሌላ በኩል ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ከዳነና ሐኪሙ ከፈቀደ በኋላ ጠባሳን በለስላሳ እጅ በየቀኑ ማሸት ይመከራል። የትኛውም ቅባት ያንን ክር አያሟሟውም፤ የደረቀውን ቆዳ ያለሰልሳል፣ እጅ እንዲንሸራተት ይረዳል፤ ለዚህ ሺያም ሰሊጥም ይበቃል። ለብ ባለ ውኃ የተነከረ ፎጣ ከማሸቱ በፊት ቢደረግበት ያፍታታል። ግን ያ ቆዳ መደንዘዙ ስለማይቀር ሙቀቱን በራሱ አንገት መለካት አይቻልም፤ በሌላ ሰው አንጓ መፈተን አለበት። የጋምቤላ ፀሐይም ያንን ቆዳ ቶሎ ስለሚያቃጥለው ጥላ ወይም ባርኔጣ አይለየው።

ዋናው ሥራ ግን ማፍታታት ነው። አገጭን ወደ ቀኝ ትከሻ አዙሮ፣ ሲወጥር እንጂ ሲያም ሳይሆን እዚያው ላይ ሃያ ወይም ሠላሳ ሰከንድ መቆየት፤ ከዚያ ወደ ግራ። ጆሮን ወደ ትከሻ ማዘንበል። አገጭን ወደ ደረት ማውረድ። ይህን በቀን ሦስት አራት ጊዜ መደጋገም። ለአፍ ደግሞ ሐኪም ምላስ የሚጫንበትን ጠፍጣፋ እንጨት ደራርቦ በጥርሶች መሐል አድርጎ መቆየት፣ ሲለመድ አንድ መጨመር። አንድ እንጨት ሁለት ሚሊ ሜትር አይሞላም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ማለት ለዚህ ነው፤ እዚህ ላይ እንኳ የሚሄደው ካላቋረጡት ብቻ ነው። አንገት ላይ አዲስ እብጠት ቢወጣ፣ ቁስል ቢከፈት፣ ደም ቢታይ፣ መዋጥ እየባሰ ቢሄድ ግን ቅቤውን አስቀምጦ ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው።

ጋሼ ይህንን ሁሉ የሚያሳይ ሥዕል ያለበት ወረቀት ሲወጣ ተሰጥቶት ነበር። አጣጥፎ ከፓስፖርት ፎቶው ጋር ቦርሳው ውስጥ አስቀምጦታል። ለምን እንዳልሠራበት ስጠይቀው «እግዜር ነፍሴን መልሶልኝ፣ አንገቴን ደግሞ ልለምነው?» አለኝ።

ብዙ ሰው በዚህ መልስ የሚስማማ ይመስለኛል። ሕክምናው ጋ ሳይደርስ የሞተ ስንት ሰው አለ። ጋምቤላ ክልል ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ ከ 300,000 በላይ ስደተኞች የሚኖሩበት ነው፤ ልጆቹን መንገድ ላይ የቀበረ ሰው ጎረቤት ሆኖ ስለ ጉርሻ ማማረር ያሳፍራል። ይህን ክርክር በቀላሉ አላየውም። ግን አንድ ነገር ያቀላቅላል። ምስጋናና ምሬት የሚሄዱት ወደተለያየ አድራሻ ነው። ጋሼ የሚያመሰግነው ፈጣሪውንና ሐኪሞቹን ነው፤ የሚያማርረው ለእኛ ነው። ለእኛ «አንገቴ አልዞር አለኝ» ማለቱ ከፈጣሪ ሒሳብ ላይ ምንም አይቀንስም። እንዲያውም ዝም ያለው ሰው ተጎዳ፤ አንገት የማይንቀሳቀስበት ቀን በበዛ ቁጥር ክሩ እየጠበቀ ነው የሚሄደው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለው ተረት እዚህ ቤት በትክክል ሠርቷል። የሌላው ሰው ሐዘን መብለጡም የእኛን ዕዳ አይሰርዝም። ሐዘን በሚዛን ተመዝኖ ከባዱ ብቻ ይሰማ ከተባለ፣ በመጨረሻ የሚሰማው የሙታን ብቻ ይሆናል፤ እነሱ ደግሞ አይናገሩም።

ስለ ጠባሳ ጋምቤላ ያስተማረችኝ ሌላም ነገር አለ። ከኑዌር ወንዶች ብዙዎቹ፣ በተለይ በዕድሜ የገፉት፣ ግንባራቸው ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ የተሰመሩ ስድስት መስመሮች አሏቸው። «ጋር» ይባላል፤ ልጁ ወንድ መሆኑ የሚታወጅበት ነው። ጋሼ በዚያ ሙቀት አንገቱን በሻርፕ ጠቅልሎ ነበር የሚወጣው። አንድ ቀን ወዳጁ የሆኑ የኑዌር አዛውንት በራችን ላይ «ማሌ» ብለው ገቡና ሻርፑን አስወለቁት። ጠባሳውን ረጋ ብለው አዩት።

«ማን ቆረጠህ?»

«ሐኪም ነዋ።»

«እኔን ስቆረጥ እኩዮቼ አጠገቤ ተኝተው ነበር፤ ከፊታችን ሰው ሁሉ ቆሞ። አንተን ስትቆረጥ ከጎንህ ማን ነበር?»

ጋሼ መልስ አልነበረውም። ማደንዘዣ ወስዶ ብቻውን ተኝቶ ነበር።

«ጋር»ን ላወድስ አይደለም። ያማል፣ ደም ያፈሳል፣ ቁስሉም ሊመረቅዝ ይችላል፤ ከራሳቸው ከኑዌሮች መሐል የተዉትና የሚቃወሙት ብዙ ናቸው። የአዛውንቱ ጥያቄ ግን ትክክል ነው። ጠባሳን የሚያከብደው ከመቆረጡ ይልቅ ብቻ መሆኑ ነው። የእሳቸው ጠባሳ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሕዝብ አለ፤ ስለዚህ ግንባራቸውን አይሸፍኑም። የጋሼን ጠባሳ ማንም አያነበውም፤ ያየው ሁሉ ወይ ይሳቀቃል፣ ወይ ዓይኑን ይሰብራል። አንድ እጅ በየቀኑ ያንን ቦታ ሲነካው፣ ክሩን ከማላላቱ ሌላ የሚሠራው ሥራ ይሄ ነው፤ ጠባሳው ሰው የሚያውቀው ጠባሳ ይሆናል። ይህ ከሕክምናው ያነሰ ነገር አይመስለኝም።

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። «የቤት ውስጥ ሕክምና» ስንል ቤት ራሱ የሚያክም ይመስላል። የሚያክመው ሰው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ሴት ናት። ፎጣውን የምታሞቀው፣ አጥሚቱን የምታቀጥነው፣ ገንፎውን በወተት የምታላላው፣ ሌሊት አፉ ደርቆ ሲነቃ ውኃ የምታቀርበው የጋሼ ሚስት ናት። እሷን «እንኳን ማረሽ» ያላት የለም፤ አልታመመችማ። ልማድ የሆነ መድኃኒት ዋጋው ይሄ ነው፤ የሚከፈለው በየቀኑ ነው፣ የሚከፍለውም አንድ ሰው ከሆነ ያደክማል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ጎረቤታችን ቅል ይዘው መምጣታቸው ሎሚውን መካፈል ነበር። የቤት እጅ ግን የመንግሥትን እጅ አይተካም። አንድ የአካል እንቅስቃሴ ባለሙያ በቅርብ ቢኖር ወረቀቱ ላይ ያለውን ሥዕል በሰው አካል ላይ ያሳይ፣ የትኛው እጅ እንደሚያፍታታና የትኛው እንደሚጎዳ ይለይ ነበር። ቅቤ አለ ተብሎ ባለሙያ አይቅር፤ ባለሙያ መጣ ተብሎም እጅ አይታጠፍ።

አማርኛችን ለሁለቱም አንድ ቃል ይሰጣል፤ ከሞት የተረፈውም «ዳነ»፣ ሥቃዩ የለቀቀውም «ዳነ»። በዚህ በአንዱ ቃል ምክንያት ስንት ሰው ተርፎ ሳለ እንዳልተጠየቀ አስባለሁ። ሐኪም ታማሚውን አምስት ዓመት ይከታተለዋል፤ ካንሰሩ ተመልሶ እንደሆን ለማየት። አንገቱ ስንት ዲግሪ እንደሚዞር መቁጠር የቤት ሰው ድርሻ ሆኖ ቀርቷል። ቆጠራው ደግሞ መሣሪያ አይፈልግም። «ዛሬ ወደ በሩ ስትዞር ማን እንደገባ አየህ?» ማለት በቂ ነው።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄዬ መልሴ አዎ ነው፤ የተረፈ ሰው ያማርር። ለሁለተኛው ደግሞ ዕዳችን መድኃኒት ማግኘት አይመስለኝም፤ መመለስ ነው፤ ነገም፣ ከነገ ወዲያም። ጋሼ አሁን በየጠዋቱ በራፍ ላይ ተቀምጦ አገጩን ወደ ባሮ፣ ከዚያ ወደ ከተማው ያዞራል። ሙሉ በሙሉ አይዞርም፤ ላይዞርም ይችላል። ባጃጁን ግን ያያል።

እናንተም እንዲህ ያለ ሰው ቤታችሁ ወይም ድግሳችሁ ቢመጣ «እንኳን ማረህ» በሉት፤ ተገቢ ነው። ቀጥላችሁ «አንገትህስ?» በሉት፤ መልሱ ቢረዝምም ስሙት። ማጉረስም አትተዉ። ጉርሻውን ግን አሳንሱት፤ የሚከፈተው ሁለት ጣት ያህል ነው።